የወንድሜ ከሰል

ጂንካ ላይ ትንሽ ምግብ ቤት ስከፍት፣ ከአገር በቀል ዛፍ የከሰለ ከሰል ቤቴ እንዳይገባ ወሰንኩ። ከሰል ነጋዴ ግን ሁሉም «የደረቀ እንጨት ነው» ባይ ነው፤ በነሱ አፍ እኮ ደቡብ ኦሞ ውስጥ እርጥብ ዛፍ ተቆርጦ አያውቅም! ስለዚህ ታናሽ ወንድሜን መረጥኩ። ከኦሞራቴ በኩል፣ ግጦሹን ከወረረው ፕሮሶፒስ ከሚሉት እሾሃም መጤ ዛፍ የከሰለውን ብቻ ሊያመጣልኝ ማለ። እኔም ለደንበኞቼ «የኛ ጥብስ ዛፍ አይገድልም» እያልኩ እኩራራ ነበር።

ወንድሜ በየዓመቱ አንድ ጣሳ ማር ያመጣልኛል፤ አባታችን ቀፎ ይሰቅልበት ከነበረው ግራር። አባታችን ሲያርፍ መሬቱን ለወንድሜ ትቼ የለመንኩት አንድ ነገር ነው፤ ያን ዛፍ እንዳይነካብኝ።

አንድ ቀን ወጥ ቤቷ ወፍራም ከሰል ስትሰብር ውስጡ ብረት አገኘችና አመጣችልኝ። የተቆለመመ ማጭድ ነበር። አባቴ የተሰበረ ማጭዱን ቆልምሞ፣ የቀፎውን ገመድ እንዲይዝለት ግንዱ ላይ መትቶት ነበር። ዛፉ እያደገ ውጦት ጫፉ ብቻ ይታይ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ስንቴ ነክቼዋለሁ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ መሬታችን ድረስ ሄድኩ። ምግብ ቤቱን ከከፈትኩ ወዲህ እግሬ ረግጦት አያውቅም። ከግራሩ የቀረው ጉቶው ብቻ ነው፤ አጠገቡ አፈሩ ጠቁሯል።

ማጭዱን ለወንድሜ ሰጠሁት። ተቀበለኝና አንገቱን ደፋ።

«ኦሞራቴ ሩቅ ነው፣ እህት ዓለም» አለኝ። «አንቺ ደግሞ ከሰል አለቀ ብለሽ ትደውያለሽ። መጀመሪያ ቅርንጫፉን ብቻ ነበር የቆረጥኩት። ያኔ ንቦቹ ሄዱ። ንብ ከሌለ ብዬ ነው አሁን ግንዱን የጣልኩት።»

«ንቦቹ መቼ ሄዱ?»

«ከሄዱ ቆዩ። ዓመታት ሆኗቸዋል።»

ልጮህበት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው። «ታዲያ አምና ያመጣህልኝ ማርስ?»

«ከአልዱባ ገበያ ገዝቼ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እንዳይከፋሽ ብዬ።»

ያን ማር ዓመት ሙሉ እየቆጠብኩ ነበር የምልሰው። እንግዳ ሲመጣ በማንኪያ አቀምስና «የአባቴ ዛፍ ነው፣ ጣዕሙ ይለያል» እል ነበር።