ለአማቴ አንገት የተሠራው ሻርፕ

አማቴ አንገታቸው ላይ የነበረው እንቅርት በኦፕራሲዮን ከወጣላቸው በኋላ ጸሎት ቤት መሄድ አቆሙ። የዚህ ሻርፕ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

እሳቸው የሚኖሩት አንጋጫ ነው፤ እኔና ባለቤቴ ሆሳዕና ነን። እኔ በምራትነት ወደዚያ ቤት ስገባ እንቅርቱ ቀድሞኝ ነበር። «ከመጀመሪያ ልጄ ይበልጣል፤ እንደ እሱ ግን አያስቸግረኝም» እያሉ ራሳቸው ይቀልዱበታል። እኛ በፊታቸው አንቀልድም። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት በቤታችን የተከለከለ ነበር። አንድ ክረምት ባለቤቴ ስለ መንገዱ ጭቃ አማርሮ ሳይጨርስ መብራት ሲጠፋ «በእን...» ብሎ ጀመረና ዋጠው። ጨርሰውለት የሳቁት እሳቸው ናቸው። ሳቃቸው ደግሞ ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

እንቅርቱ ውሎ አድሮ እህል መዋጥ ሲከለክላቸው ሐኪም ቤት ወሰድናቸው፤ በደህና ወጣ። ቁስሉም ደረቀ፤ የቀረው አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ነው። እኛ እግዚአብሔርን አመስግነን ሳንጨርስ ከጸሎት ቤት መቅረታቸውን ሰማን። እሳቸው እንደ ማንም ሄደው የሚቀመጡ አልነበሩም፤ መዝሙር የሚያነሱት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ሲያነሱ መንገድ ላይ ያረፈደ ሰው ይሮጣል ይባላል። አሁን ግን ባለቤቴ ሲደውል «ደህና ነኝ» ይሉና ስልኩን ለጎረቤታቸው ይሰጧታል። ጎረቤቲቱም «ይበላሉ፣ ይተኛሉ፤ እሁድ እሁድ ግን ከቤት አይወጡም» ትለናለች።

ሄጄ አየኋቸው። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እሳቸው የሟች ባላቸውን ወፍራም የሱፍ ሻርፕ አንገታቸው ላይ ሁለት ዙር ጠምጥመው ተቀምጠዋል። «እማዬ፣ ጸሎት ቤት ለምን ቀሩ?» አልኳቸው። እጃቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። ለእኔ ይህ በቂ ነበር። እናቴ ስለ እኔ «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» የምትለው በከንቱ አይደለም፤ ሰው የጀመረውን ሐሳብ የምጨርስለት እኔ ነኝ። በጠባሳቸው አፍረዋል ብዬ ደመደምኩ። ያ ወፍራም ሱፍ ገና ያልጠና ቆዳ ላይ ሲያሳክክም ታየኝ። ሆሳዕና በሚመልሰኝ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ወሰንኩ፤ ቀለል ያለ፣ ለስላሳ፣ አየር የሚያስገባ፣ ግን አንገት የሚሸፍን የዳንቴል ሻርፕ እሠራላቸዋለሁ። ያን ለብሰው ጸሎት ቤት ወዳለው ወንበራቸው ይመለሳሉ።

ባለቤቴ «ገበያ ሞልቶ የለ እንዴ?» አለኝ። ሞልቷል። እኔ ግን በእጄ የሠራሁት እንዲሆን ፈለግሁ፤ የማልረሳው ነገር አለኝ። አባቴ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ እኛ ኦርቶዶክስ ነን፤ የባለቤቴ ቤተሰቦች ፕሮቴስታንት ናቸው። ስንጋባ ከሁለቱም ወገን ያላጉረመረመ አልነበረም። የመጀመሪያው ዐቢይ ጾም ላይ አንጋጫ ስንሄድ አማቴ ጎመን አቀረቡልኝ። ቅቤ የሌለው ጎመን። በከምባታ ቤት ለምራት ቅቤ የሌለው ጎመን ማቅረብ ውጪልኝ ከማለት አይተናነስም፤ ሊከፋኝ ሲጀምር አዲስ ድስት አምጥተው አሳዩኝ። ቅቤ ነክቶት የማያውቅ ነው፤ ለእኔ ጾም ብለው ከዳምቦያ ገበያ ነው የገዙት። ያ ድስት እስከ ዛሬ የእኔ ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም። እንዲህ ላደረጉልኝ እናት የገበያ ናይለን ይዤ ልሂድ? አላደርገውም።

ዳንቴል ከልጅነቴ ጀምሮ እሠራለሁ። እናቴ ያስተማረችኝ አንድ ሕግ ነው፤ «ካልጠበቀ ዳንቴል አይባልም።» ቤቴ ውስጥ ያልለበሰ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ፍሪጁ ለብሷል፣ ሶፋው ከነክንዱ ለብሷል። ባለቤቴ አንድ ቦታ ብዙ ከተቀመጠ እሱንም እንዳላለብሰው ይፈራል። ስለዚህ ሻርፕ ምን ያቅተኛል ብዬ በለመድኩት ነጭ የዳንቴል ክርና በቀጭኑ ኪሮሽ ጀመርኩ። አንድ ክንድ ያህል ሠርቼ አንገቴ ላይ ሳደርገው እንደ ካርቶን ቆመ። ባለቤቴ አየኝና «ትሪው የታለ?» አለ። ልከራከረው ጀምሬ ተውኩትና ሁሉንም ተረተርኩት።

ክር የሚሸጥልኝ ነጋዴ ችግሬን ሲሰማ ከመደርደሪያው ጥግ የወተት ቀለም ያለው ስስ ለስላሳ ክር አወጣ፤ ጣት የሚያህል ኪሮሽም ጨመረልኝ። ቀጭን ክር በወፍራም ኪሮሽ! እኔ የለመድኩት ክሩና ኪሮሹ እኩል ሲሆኑ ነው። እሱ ግን ቀዳዳው የሚመጣው ከዚያ መሆኑን አሳየኝ፤ ክሩ ወፍራሙን ኪሮሽ ሲያቅፍ ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ ኪሮሹ ሲወጣ ቦታው ክፍት ይቀራል። ስልኬ ላይ ደግሞ ቋንቋዋን የማላውቀው አንዲት ሴት ስትሠራ አየሁ። ክሩ እጇ ላይ ዝም ብሎ ይንጠለጠላል። «ሳቢው እንጂ!» እያልኩ ስልኬን እቆጣለሁ።

የእኔ እጅ ግን አልላላ አለ። ሻርፑን የምሠራው መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ሲስተም በጠፋ ቁጥር ነበር፤ ሲስተም ደግሞ ተመስገን ይጠፋል። ባለጉዳይ «ሲስተም መጣ!» ብሎ ሲደሰት የቆጠርኩት የቀዳዳ ቁጥር ይጠፋብኛል። ከመጀመሪያዎቹ ቀኖች በአንዱ በየረድፉ አንድ አንድ ቀዳዳ ዘልዬ ኖሮ ሥራው እየጠበበ ሄዶ ክራቫት መሰለ። አንድ ቀን ከፎንቆ ለጉዳይ የመጡ ሽማግሌ ከመስኮቱ ማዶ ቆመው ብዙ ካዩኝ በኋላ፣

«ልጄ፣ ይሄ ክር ምን አጠፋ?» አሉኝ።

«ምነው?» አልኩ፣ ትንሽ ቆጣ ብዬ።

«እያነቅሽው እኮ ነው። እኔ የእንሰት ቃጫ እገምዳለሁ። ገመድ እንኳን ሲገመድ እጅ ውስጥ ይሄዳል፤ አንቺ ግን ክሩን አስረሽ ይዘሽ ሂድ ትይዋለሽ።»

ሲስተም የለም ብዬ ካስቆምኳቸው ሰው ምክር መቀበል አናደደኝ። በማግስቱ ግን ማንም ሳያየኝ ክሩን በትንሿ ጣቴ ላይ ብቻ አሳርፌ ሞከርኩት። ፈሰሰ። ሦስት ሰንሰለት፣ ጠቅልሎ መሳብ፣ እንደገና ሦስት ሰንሰለት፤ ቀዳዳዎቹ እኩል እኩል እየሆኑ ወረዱ። ሽማግሌው በዚያ ቀን ተመልሰው ቢመጡ ኖሮ ከሰው ሁሉ አስቀድሜ አስተናግዳቸው ነበር።

ሻርፑ ከአንድ ወር በላይ ፈጀብኝ። ሲያልቅ ሦስት ክንድ ይሆናል፤ ግን ጨብጬ በአንድ እጄ ልደብቀው እችላለሁ። መስኮት ላይ ሳነሳው ሰማዩ በውስጡ ይታያል። የእጄን ሥራ እንዲህ ወድጄ አላውቅም። ከልማድ የተነሣ ቀጥ ብሎ እንዲቆም በስኳር ውሃ ነክሬ ላደርቀው ሳህን አቅርቤ ነበር፤ አማቴን ለጉንዳን ልዳርጋቸው እንደነበር ትዝ ሲለኝ ሳህኑን መለስኩ።

ባለቤቴ ይዞላቸው ሄደ። ሲመለስ «ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ በጣም መረቁሽ» አለኝ። ከዚያ እሁድን መጠበቅ ጀመርኩ። እሁድ አለፈና ጎረቤቲቱ ጋ ስንደውል «አልወጡም» አለችን። በሚቀጥለውም አልወጡም። በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ራሴ ተነሥቼ ሄድኩ።

ቤት ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ሻርፑን ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። በግራና በቀኝ እኩል ወርዷል፤ መሐሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበታል። አማቴ ከጎኑ ተቀምጠዋል፤ አንገታቸው ላይ ያው ወፍራም ሱፍ ነው። እኔ ስናደድ ሰላምታ ይጠፋብኛል።

«እማዬ! ይሄ እኮ ለአንገትዎ ነው!»

«ለአንገት?» አሉ በሹክሹክታ። ያለ ድምፅ ሳቁ፤ ትከሻቸው ብቻ ተንቀጠቀጠ። «ዳንቴል ለሰው ይሆናል እንዴ ልጄ? እንግዳ በገባ ቁጥር የማን እጅ ነው ይለኛል። የምራቴ ነው እላለሁ። ደግሞ እይው፤ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ብርዱን መች ይይዝልኛል?»

«የምን ብርድ? ጠባሳዎን እንዲሸፍንልዎ እኮ ነው!»

ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ ሱፉን ዙር በዙር ፈቱና ቀና ብለው አንገታቸውን አሳዩኝ።

«ይሄን? ዱባ የሚያህል ተሸክሜ ፊት ወንበር ላይ ስቀመጥ ያላፈርኩ ሴትዮ፣ አሁን በዚህች መስመር ላፍር?»

ያን ያህል ዓመት እንቅርታቸውን አይቻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ሲሸፍኑት አላየሁም።

«ታዲያ ለምን ቀሩ?»

በመልስ ፈንታ መዝሙር አነሡ። ያንን የማውቀውን ድምፅ ስጠብቅ የወጣው ደረቅ ትንፋሽ ነው፤ ሁለተኛው ቃል ላይ ተሰንጥቆ ጠፋ። ሐኪሙ አስቀድሞ ድምፅ ሊሻክር ይችላል፣ ለመመለስም ጊዜ ይወስዳል ማለቱን ያኔ አስታወስኩ። በስልክ ንግግር ሲያሳጥሩ፣ ለጥያቄዬ ራሳቸውን ብቻ ሲነቀንቁ፣ እኔ ኀፍረት ነው ብዬ ተርጉሜዋለሁ።

«እንቅርቱ ሲሄድ ድምፄን ይዞት ሄደ» አሉ። «ሙቀት ሲያገኝ ይመለሳል ሲሉኝ ነው የምጠመጥመው። እዚያ ስቀመጥ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል፤ አንሺልን ነው የሚለኝ። ምኑን ላንሣ?»

አፈርኩ፤ አዘንኩም። ወር ሙሉ ቁጭ ብዬ የሸፈንኩት የሌለ ቁስል ነው። ያለውን ቁስል ግን መልሳቸውን እስክሰማ ታግሼ አልጠየቅኩም። አጠገባቸው ተቀምጬ እጃቸውን ያዝኩ። ሻርፑን ከቴሌቪዥኑ ላውርደው የሚለውን ሐሳብም ተውኩት። እውነቱን ለመናገር ያምርበታል።

እዚያው አደርኩ። እሁድ ጠዋት «እንሂድ» አልኳቸው።

«አንቺ የራስሽ ቤተ ክርስቲያን አለሽ።»

«ዛሬ የእርስዎ እንግዳ ነኝ።»

ለሠርግ ካልሆነ በቀር ጸሎት ቤታቸው ገብቼ አላውቅም። አማቴ የኋላ ወንበር መረጡ፤ ፊት ያለው ቦታቸው ሰው ሳይቀመጥበት ክፍት ነበር። አንዲት ወጣት መዝሙር አነሣች፤ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ማጨብጨብ ጀመረ። አማቴ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ እንጂ የሚወጣ ነገር የለም። ከፊት ያሉት እናቶች በፍቅር እየዞሩ ያዩዋቸዋል፤ ሲያዩዋቸው እሳቸው አንገታቸውን ይደፋሉ። ያን ማየት አልቻልኩም።

መዝሙሩ በከምባትኛ ነው። የእኔ ከምባትኛ ሰላምታ፣ ምግብና ስድብ ነው። ዜማውንም አላውቀውም። ግን አፌን ከፍቼ ጮህኩ። የቃሉን ግማሽ እየዋጥኩ፣ ሌላው ሲጨርስ እኔ እየጀመርኩ፣ በቅዳሴ ባደገ ድምፅ ጮህኩ። ሕፃናቱ ዞሩ። አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው እንደገና አደረጉና አዩኝ። ቤቱ ሁሉ እኔን ሲያይ እሳቸውን የሚያይ ጠፋ። አማቴ ጭኔን ቆነጠጡኝ። ዞር ስል እንባቸው እስኪወርድ እየሳቁ ነው። እኔ ጨመርኩበት።

ከዚያ ከጩኸቴ ሥር አንድ ነገር ሰማሁ። ሻካራ ነው፣ ዝቅ ያለ ነው፤ ግን ቃሉም ዜማውም ልክ ነው። ከእኔ በቀር የሚሰማው ሰው አልነበረም። በደንብ ላዳምጣቸው ብዬ ድምፄን ቀነስ ሳደርግ በክርናቸው ጎኔን መቱኝ።

«አታቁሚ» አሉኝ።