የሚያንኮራፋው ማጣሪያ

ዝቋላ ያለው መሬቴ ዝናብ ካጣ ወዲህ ሰቆጣ ገብቼ የሆቴል ዘበኛ ሆኛለሁ። እንግዳ መቀበያው ውስጥ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አለ። ዓሦቹ እንደ ሰሃን ክብና ጠፍጣፋ ናቸው፤ ዲስከስ ይሏቸዋል። መብራት ሲጠፋ የውሃው ማጣሪያ ስለሚቆም ቶሎ ጄኔሬተር ማስነሳት የእኔ ሥራ ነው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ጣለኝ። ለካ መብራት ሄዶ ኖሯል፤ ስነቃ ሦስት ዓሦች ሞተው በጎናቸው ተንሳፍፈው አገኘሁ። የሆቴሉ ባለቤት የልጄ እኩያ ናት።

«አባባ፣ ከእንግዲህ አንድ ቢሞት ሌላ ዘበኛ እቀጥራለሁ» አለችኝ።

በዚህ ዕድሜዬ ወዴት እሄዳለሁ?

ባለሙያ ጠርታ ሁለት ማጣሪያ አስመጣች። አንዱ በርሜል መሰል ነው፤ ድምፅ የለውም። ሌላው አየር እየነፋ ያንኮራፋል።

«አጠገቡ የሚውሉት እርስዎ ነዎት። የቱ ይሻላል?» አለችኝ።

«የሚያንኮራፋው።»

ባለሙያው ሳቀ። «አባባ፣ ይሄ እኮ ያደነቁርዎታል።»

«ግድ የለም» አልኩ። ምክንያቴን አልነገርኳቸውም፤ ዘበኛ እተኛለሁ ይላል እንዴ?

ከዚያ ወዲህ እያንቀላፋሁ መብራት ሲሄድ ዝምታው ይቀሰቅሰኝ ጀመር። አንድም ዓሣ አልሞተም።

ትናንት ከምሳ በኋላ እንዳሸለብኩ ማጣሪያው ዝም አለ። ደንግጬ ተነሳሁ። አምፖሉ ግን በርቷል። ባለቤቷ ገንዳው አጠገብ ቆማ ፈገግ ትላለች።

«ዓሦቼን ጠብቀው ስላቆዩልኝ ድምፅ በሌለው ቀየርኩልዎት» አለችኝ። «እንግዲህ ጆሮዎም ይረፍ።»