በባሌ ስም የወጣው ተዝካር

ባሌ በሕይወት ሳለ ተዝካሩን ያወጣሁ ሴት ነኝ። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ፣ እኔም አንዳንዴ እስቃለሁ።

ጊዜው የጥልያን ጊዜ ነው። ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ መንደር፣ ትዳሬ ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው ብቻዬን ቀርቼ ነበር። ባሌ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ከገባ ከርሟል። አንድ የገበያ ቀን አንድ ጨው ነጋዴ ጋቢ ዘርግቶ «ይህን የሚያውቅ አለ?» እያለ ይጠይቃል። ከጥልያን ጋር ሲታኮስ ወንዝ ዳር የወደቀ አርበኛ ጋቢ ነው። የአገሩ ገበሬዎች ሰውየውን ቀብረው፣ ዘመድ ይለየው ብለው ደሙን አጥበው ልከውታል። እሳት የበላውን ጫፉን በጥቁር ክር የጣፍኩት እኔ ነኝ። እዚያው ገበያ መሐል ወደቅሁ።

ጠጉሬን ተላጨሁ። የንስሐ አባታችን በባሌ የክርስትና ስም ፍትሐት አደረሱለት። ለአርባው የነበረችኝን አንዲት ጊደር አሳረድኩ። ጠላው ቀጠነ ብሎ ያማኝ አልጠፋም፤ በዚያ ክፉ ቀን ጌሾ ከየት አመጣሽ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም።

ተዝካሩ ባለፈ በሦስተኛው ሳምንት ባሌ በጓሮ በኩል ገባ። የተላጨ ራሴን አይቶ ደነገጠ።

«ማን ሞቶብሽ ነው?»

«አንተ!» አልኩት።

እልል ልል ስል አፌን በእጁ ያዘኝ፤ ባንዳ ይሰማል። ጋቢውን ሳሳየው ግን ቁጭ አለና ፊቱን ሸፈነ። ንዳድ ይዞት ይንቀጠቀጥ ለነበረ ጓደኛው ያለበሰው ነው። ጥልያን ሲደርስባቸው ያ ሰው «እኔ መሮጥ አልችልም፤ እናንተ ተሻገሩ» ብሎ መሻገሪያውን ይዞ ቀረ። ባሌም ሌሎቹም የተረፉት በእሱ ነው።

ወደ ንስሐ አባታችን ሮጥኩ። «እግዚአብሔር የጸለይንለትን ያውቀዋል። ቢሆንም በገዛ ስሙ ሊፈታ ይገባዋል፤ የክርስትና ስሙን አምጪልኝ» አሉኝ። ባሌ ግን የሚያውቀው የጓደኛውን መጠሪያ ስምና ደብሩን ብቻ ነው። የክርስትና ስሙን የሚያውቁት እናቱ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ደምበጫ አጠገብ ነው ያሉት፣ የልጃቸውን ሞት ሳይሰሙ።

እውነቱን ልናገር፤ መሄድ አልፈለግሁም። ባሌ ተመልሶልኛል፤ እግዚአብሔር ያውቃል ተብያለሁ፤ ምን አስኬደኝ? ቅዳሴ ቆሜ ያረፉት ሲታሰቡ ግን አፈርኩ። ክርስቶስ ስለ እኔ ሞተ እያልኩ ነው ያደግሁት። አፌ ለምዶታል እንጂ ስለ ሌላው መሞት ምን እንደሆነ አስቤው አላውቅም ነበር። ቤቴ ውስጥ ሰው ያለልኝ አንድ ያላየሁት ሰው ወንዝ ዳር ስለ ቀረ ነው። ታዲያ ስሙን እንኳ ላልፈልግለት ነው?

ኬላው ላይ ወንድ ይፈተሻል፤ ስለዚህ ባሌ ቀርቶ እኔ ጥጥ ተሸክሜ ነጋዴ መስዬ ሁለት ቀን ተጓዝኩ። ሐሳቤ እንደ ወጉ ለጎረቤት ሽማግሌዎች ነግሬ፣ እነሱ ማለዳ ሄደው መርዶውን እንዲያረዷቸው ነበር። ደብሩ አጠገብ ደጃቸው ላይ ጤፍ የሚነፉ አንዲት እናት አገኘሁ።

«እናቴ፣ የእገሌ እናት ቤት የቱ ነው?»

«እኔ ነኝ» አሉኝ።

አፌን የዚያን ቀን ያህል ረግሜው አላውቅም። መሸሽም መዋሸትም አቃተኝ። ገና ማቆጥቆጥ የጀመረውን ጠጉሬን አይተው ወንፊቱን አስቀመጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ንዳዱን፣ መሻገሪያውን፣ በሰው ስም የደረሰውን ፍትሐት።

«እኔ እኮ እስካለፈው ሰንበት ድረስ በሕይወት ካሉት ጋር ነበር የማስጸልይለት» አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ባልሽ ደኅና ገባ?»

«ገባ» አልኩ መሬት መሬቱን እያየሁ።

«ተመስገን» አሉ። የልጃቸውን የክርስትና ስም ሁለት ጊዜ ነገሩኝ፤ እንዳልረሳውም አስደገሙኝ። ያለቀሱት ከዚያ በኋላ ነው።