እስስቷን ይዤ ክፍል የገባሁ ቀን

ማዳም እንስሳ ትፈራ ነበር። ድመት ካየች መንገድ ትቀይራለች፤ ሳዑዲ፣ ጂዛን ከተማ ውስጥ ደግሞ ድመት የሌለበት መንገድ የለም። ታዲያ ይህች ሴት የአራተኛ ክፍል የሳይንስ አስተማሪ ነበረች። ስለ እንስሳት የምታስተምረው ከመጽሐፉ ሥዕል ላይ፣ በማስመሪያ እየጠቆመች ነው።

እኔ ቤቷ መሥራት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በእኛ አቆጣጠር 2006 ዓ.ም. ነው፤ ሙቀቱ ገና አልበረታም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተናዳ መጣች። ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወርውራ፣

"ተማሪዎቼ ግቢው ዛፍ ላይ እስስት አግኝተው በድንጋይ ገደሏት" አለችኝ። "ለምን ስላቸው፣ መርዛም ናት አሉኝ። መርዝ የላትም ብዬ ካስተማርኳቸው ገና ሳምንት አልሞላም!"

እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን ድንጋይ አነሳ ነበር። ወሎ ሳድግ አክስቴ፣ "እስስት ከነከሰች አህያ ካላናፋ አትለቅም" ትለን ነበር። ጂዛን ከተማ መሀል አህያ ከየት ይመጣል?

"በዓይናቸው ማየት አለባቸው" አለች ማዳም። "በሕይወት ያለውን። በእጃቸው ይንኩት።"

"ማን ይይዘዋል?" አልኳት።

ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች።

ዓርብ ዕለት ከጂዛን ወጣ ብሎ ባይሽ የሚባል አገር፣ አባቷ እርሻ ሄድን። ሽማግሌው ቀጭን፣ ቀልደኛ ሰው ነበሩ፤ ባባ ነው የምላቸው። የዚያን ዓመት ወረቀት የሌላቸው የእኛ ሰዎች እየታፈሱ ወደ አገር የሚላኩበት ጊዜ ስለነበር፣ እርሻቸው ላይ ይሠሩ የነበሩት የወሎ ልጆች አንድም አልቀሩም። ያድሩበት የነበረው ጎጆ በሩ ክፍት ነው፤ አንድ ነጠላ ጫማ ደጁ ላይ ተገልብጦ ቀርቷል። እኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስላለኝ ነው በመኪና ቀና ብዬ የተቀመጥኩት። ባባ ጫማውን ሳየው አዩኝና፣ "እነሱ ከሄዱ ወዲህ እኔም እጅ የለኝም። ነይ፣ ዛሬ አንቺ እጄ ነሽ" አሉኝ።

ከገለባው ክምር ሥር አንድ እሾሃም ነገር አወጡ። እኔ የጃርት ግልገል ነው አልኩ፤ እሳቸው ኸላስ፣ በቃ፣ ያደገው ይህን ያህል ነው፣ ቁንፉዝ ይባላል አሉ። ከውሃ ቦዩ ዳር ደግሞ ጡጫ የሚያህል ጓጉንቸር ያዝን። የቀረችው እስስቷ ነበረች። ቁርቁራው ዛፍ ላይ፣ ቅጠሉን መስላ ቁጭ ብላለች። እጄን ከላይ ስሰድ ባባ ያዙኝ።

"ከላይ አትምጪባት፤ ከላይ የሚመጣባት ጭልፊት ነው። እጅሽን ከፊቷ እንደ ቅርንጫፍ ዘርጊላትና ጠብቂ።"

ዘረጋሁ። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። አንዱ ዓይኗ እኔን ያያል፣ ሌላው ባባን። አንድ እግሯን አነሳች፤ ተወዛወዘች፤ ሐሳቧን የቀየረች መሰለኝ። ከዚያ እንደ ሕፃን እጅ ጣቴን ጨበጥ አደረገችና ወጣችብኝ። ማዳም መኪናው ውስጥ መስኮቱን ዘግታ ታያለች። የባባ አህያ አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ እስስቷ ስላልነከሰችኝ አላስፈለገም።

እሑድ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን። የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ወንድ አይገባበትም፤ ስለዚህ ባባ በሩ ላይ፣ መኪናቸው ውስጥ ቀሩ። ሦስቱን ካርቶን ደራርቤ ስገባ የላይኛው ተንኮሻኮሸ። ዘበኛው፣ "ዶሮ ነው?" አለኝ።

"ትምህርት ነው" አልኩት።

ዕቅዱ ማዳም እንድታስተምር፣ እኔ ካርቶን እንድከፍት ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያውን ክዳን ገና ፈታ ሳደርገው ጓጉንቸሩ ዘሎ ከፊት ረድፍ ጠረጴዛ ላይ ጉብ አለ። ሠላሳ ልጅ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ወንበር ላይ ያልወጣች አልነበረችም። ዞር ስል ማዳምም ወንበር ላይ ናት፤ ማስመሪያዋን እንደ ጎራዴ ይዛለች።

"ያዢው! ያዢው!"

በቀሚሴ ጫፍ ሸፍኜ ያዝኩት። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ መናገር ጀመርኩ። የእኔ ዓረብኛ የወጥ ቤት ዓረብኛ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነው የምለው።

"አንተ አትጩህ!" አልኳቸው። "እሱ ነው አንተን የሚፈራው።"

ጩኸቱ ሳቅ ሆነ። "አንተ ሳይሆን አንቺ ነው የሚባለው፣ አብላ!" አለች አንዷ። አብላ ማለት እነሱ ዘንድ የሴት አስተማሪ መጥሪያ ነው። ወደ ማዳም አየሁ፤ ማዳም ወንበሩ ላይ እንዳለች፣ ቀጥይ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ።

ቁንፉዙን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። እንደ ኳስ ተጠቅልሏል። "ፊቱን ማየት የሚፈልግ ዝም ይበል" አልኩ። "ካልጮኻችሁ ይከፈታል።" ያ ሁሉ ልጅ ትንፋሹን ዋጠ። ይህን ጊዜ በሩ ተከፈተና ጩኸቱን ሰምታ የመጣችው ሙዲራ፣ ርዕሰ መምህርቷ ማለት ነው፣ ብቅ አለች። ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ልጆቹ ሁሉ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው "እሽሽ!" አሏት። ሙዲራ እንደዚያ ተብላ የምታውቅ አይመስለኝም። በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ከኋላ ቆመች። ትንሽ ቆይቶ ከእሾሁ መሀል አንድ እርጥብ አፍንጫ ወጣ።

እስስቷ የመጨረሻዋ ነበረች። ክንዴ ላይ አስቀምጬ፣ ባባ እንዳሉኝ፣ እጃችሁን ከላይ ሳይሆን ከፊቷ ዘርጉላት እያልኩ በረድፎቹ መሀል ሄድኩ። አንዷ ቀይ ሻርፕ አምጥታ፣ "እዚህ ላይ አድርጊያት፣ ቀይ ትሁን" አለች። አደረግናት። አረንጓዴ ሆና ቀረች። እኔም ቀይ ትሆናለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

"የተቀመጠችበትን ለመምሰል አይደለም" አለች ማዳም ከወንበሩ ላይ። "ስትናደድ፣ ሲበርዳት፣ ሲሞቃት ነው መልኳ የሚለወጠው።" አጠገባችን ለመምጣት ወረደች፤ ግን ሁለት እርምጃ ቀርቷት ቆመች።

ባባ በጠርሙስ ፌንጣ አስይዘውኝ ነበር። አንዱን ጠረጴዛው ላይ ለቀቅሁት። የእስስቷ ሁለት ዓይኖች ዞረው አንድ ቦታ ላይ ገጠሙ። አፏን ገርበብ አደረገች። ከዚያ ፌንጣው የለም። ምላሷን ያየ አየው፣ ያላየ አላየውም።

"ምን ያህል ይረዝማል?" ጠየቀችኝ አንዷ።

"እንደ ፓስታ" አልኩ። "አልቆ አያልቅም።"

ሙዲራ እንኳ ሳቀች። ከዚያ ወደ ፊት መጥታ እጇን ዘረጋች፤ ከላይ አይደለም፣ ከፊት ነው። እኔ የነገርኳቸውን ሰምታ ኖሯል። እስስቷ ስትወጣባት ዓይኗን ጨፈነች፣ መልሳ ገለጠች። "አምስተኛ ክፍሎችም ይዩ" አለች። እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት አምስተኛ ክፍል ነው፤ ያንን ለማንም አልነገርኩም፤ ግን ኮሪደሩ ላይ ካርቶኔን ይዤ ስሄድ እግሬ መሬት አይነካም ነበር።

በዚያ ተርም አራት ጊዜ ሄድኩ። ባባ በየጊዜው አዲስ ነገር ይይዙልናል፤ ትምህርቱ ሲያበቃ ሁሉንም ወደተገኘበት እንመልሳለን። አንድ እናት ልጄ ቦርሳዋ ውስጥ እንሽላሊት አሳደረች ብላ ከስሳ ነበር፤ ለልጆቹ፣ እንግዳ በራሱ ቤት እንጂ ቦርሳ ውስጥ አያድርም አልኳቸው። ማዳም በሦስተኛው ጊዜ የጓጉንቸሩን ጀርባ በአንድ ጣት ነካችና ከተማሪዎቿ እኩል ጮኸች።

በመጨረሻው ቀን አንዲት ልጅ፣ "አብላ፣ አገርሽ ምን አለ?" አለችኝ። ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ ነገርኳቸው፤ ሣር እንደሚግጥ፣ እንደ አንበሳ ጎፈር እንዳለው፣ ደረቱ ላይ ቀይ ቆዳ እንዳለ። ያንን ይዤ መምጣት አልችልም አልኳቸው። እንግዲያው እንሣለው አሉ። ሠላሳ ጭላዳ ተሣለ። አንዱ ደረቱ ላይ የልብ ቅርጽ አለው፤ አንዱ ጥርሱ ብቻ ገጹን ሞልቶታል፤ አንዲቷ ልጅ የሣለቻትን ሴት ናት ብላ ጥቁሩን የውጭ ቀሚስ፣ ዓባያ፣ አልብሳታለች። አንዱን ለራስሽ ውሰጂ ሲሉኝ፣ እኔ የመረጥኩት ዓባያ የለበሰችውን ነው።