ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ኪሎ

በሆስፒታሉ ሁሉ ሰው «በረኛዋ» ይላታል። አባቷ የፋብሪካ ዘበኛ ስለነበሩ አይደለም፤ ያንን የሚያውቅ የለም። የስታቲስቲክስ ባለሙያ ናት፤ ስሙ የወጣላት የሕፃናቱን የመድኃኒት መጠን የሚያሰላው የኮምፒውተር ፕሮግራሟ፣ ፋንክሽኗ፣ ያልሆነ ቁጥር ዝር ስለማያስብል ነው። ክብደቱ ከግማሽ ኪሎ ካነሰ፣ ከስድሳ ከበለጠ ወይም ቦታው ባዶ ከተተወ ቀጥ ይልና በቀይ ጽሑፍ «ስህተት፤ ትክክለኛ ክብደት ያስገቡ» ይላል። በዚህ ትኮራለች። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ትንጠባረርበታለች።

ድሮ መዝጋቢዎቹ ያልተመዘነ ሕፃን ሲያጋጥማቸው 99 ብለው ይጽፉ ነበር። በወረቀቱ ዘመን ይህን ሁሉም ያውቀው ነበር። ኮምፒውተር ግን ያየውን ያምናል፤ ጨቅላውን ዘጠና ዘጠኝ ኪሎ ያደርገዋል። እሷም ነገሩን ሳይቃጠል በቅጠል ብላ በሩን ዘጋችው።

የዚያን ቀን ጠዋት የመድኃኒቱን ዝርዝር አትማ እንደ ልማዷ ወደ ሕፃናት ክፍል ላከች። ሻይዋን እየጠጣች ለሪፖርት የሕፃናቱን ክብደት በግራፍ አወጣች። ከመስመሮቹ አንዱ ብቻውን ረጅም ሆኖ ቆሟል። ከአርባ አንድ ሕፃናት ሰባቱ እኩል 9.9 ኪሎ ይመዝናሉ። የአምስት ዓመቷ ልጅ 9.9፣ የሁለት ወሩም ሕፃን 9.9።

ከግማሽ ይበልጣል፣ ከስድሳ ያንሳል፤ እሷ ራሷ በከፈተችው በር በሰላም ያለፈ ቁጥር ነው። ስልክ ደወለች፤ ተይዟል። ደገመች፤ አሁንም ተይዟል። ሰዓቷን አየች፤ ለአራት ሰዓት አምስት ጉዳይ ነው። መርፌው የሚጀመረው አራት ሰዓት ላይ ነው። ሊፍቱን ሳትጠብቅ ሦስቱን ፎቅ በደረጃ ወጣችው። የሁለት ወሩ ሕፃን ለ9.9 ኪሎ የተሰላውን መጠን ከተወጋ ምን እንደሚሆን ታውቃለች፤ የሚያስሮጣት እሱ ነው።

ነርሷ ጋሪዋን አልጋ አሥራ አንድ ጋ አቁማለች። እናትየው የልጇን ጭን ይዛለች፤ መርፌው ተቀድቷል።

«ሲስተር፣ ቆዪ» አለች በረኛዋ ትንፋሽ እያጠራት። «ክብደቱ ውሸት ነው።»

ነርሷ መርፌውን አስቀመጠች። ከሰዓቱ ቀደም ብላ ጀምራ አልጋ ዘጠኝንና አሥርን ወግታለች። ዝርዝሩን አብረው አዩት፤ ዘጠኝ በትክክል ተመዝኗል፣ አሥር ላይ ግን 9.9 ተጽፏል። ከታችኛው ክፍል ሚዛን አስመጡ። አልጋ አሥር ላይ ያለችው የአንድ ዓመት ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ኪሎ ተኩል ሆነች። እግዚአብሔር ያወቃት ልጅ። አልጋ አሥራ አንድ ላይ ያለው የሁለት ወሩ ሕፃን አራት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ወጣ።

«የማታ ተረኞቹ ሚዛኑ መበላሸቱን አልነገሩኝም» አለች ነርሷ። «ደግሞ ካንቺ ጋ የወጣ ዝርዝር ነው ብዬ አመንኩት።»

ለበረኛዋ ስድብ ቢሆን ይሻላት ነበር። ወደ መዝገብ ክፍል የወረደችው ልትጮህ ነው። መዝጋቢው ጡረታቸው ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሰው ናቸው። 9.9 ያልተመዘነ ማለት እንደሆነ ሁሉም የሚገባው መስሏቸዋል፤ ያው የድሮው 99 ነው፤ ነጥብ ጨመሩበት እንጂ። በሕፃናቱ ላይ ሊደርስ የነበረውን ስትነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጋሼ፣ አልተመዘኑም ብለው ለምን አልጻፉልኝም?»

«የት ልጻፈው ልጄ? ባዶ ብተወው ስህተት ይለኛል። 99 ብለው ስህተት ይለኛል። ሰባት ጊዜ መለሰኝ። አላውቅም የሚባልበት ቦታ አላስቀመጥሽልኝም።»

ያዘጋጀችው ቁጣ አፏ ውስጥ ቀረ። አባቷ ትዝ አሏት። እኚያ ክፉ ዘበኛ የተባሉ ሰው፣ ሠራተኛ በፋብሪካው በር ሲፈተሽ ኪሱ ውስጥ ያለውን ካላወቀ አይጮሁበትም ነበር፤ አግዳሚ ወንበራቸው ላይ አስቀምጠው አብረውት ይፈትሹ ነበር። እሷ በሩን ስትሠራ ወንበሩን ረስታዋለች። አፈረች።

ምሳ ሳትበላ ፋንክሽኑን ከፈተችው። «አልተመዘነም» የሚል ቃል እንዲቀበል አደረገችው፤ ያ ቃል ያለበት ልጅ መጠን አይሰላለትም፤ በመጠኑ ቦታ «መጀመሪያ ይመዘን» የሚል ይወጣል። አንድ ክብደት ከልክ በላይ ከተደጋገመም ዝርዝሩ ከመታተሙ በፊት እንዲጠይቃት ጨመረች። ቀዩንም ጽሑፍ አጠፋችና «ካላወቁ፣ አላውቅም ይበሉ» ብላ ጻፈች።

በማግስቱ ጠዋት የክብደቱ ዝርዝር ከመዝገብ ክፍል መጣላት። አራት ሕፃናት ላይ «አልተመዘነም» ተብሏል። ስልኩን አንስታ ወደ መዝገብ ክፍል ደወለች፤ ጋሼ ገና ድምጿን ከመስማታቸው ይቅርታ መጠየቅ ጀመሩ።

«አይ ጋሼ» አለቻቸው፤ «ላመሰግንዎ ነው የደወልኩት።»