ሃምሳ አለቃ በስሙ ሲጠራ

ኮረብታው ስም አልነበረውም። ድንጋይና አቧራ ብቻ። «ወጥታችሁ ያዙ» ተባልን፤ ወጥተን ያዝን። አብዛኞቻችን ከኮሎምበስ የተነሳን ተጠባባቂ ወታደሮች ነበርን። ከመዝመቴ በፊት ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ስካን አደርግ ነበር። ጀግና አልነበርኩም፤ አሁንም አይደለሁም።

የቡድናችን መሪ፣ ሃምሳ አለቃው፣ ከአሪዞና የመጣ አፓቼ፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ ተወላጅ ነበር። የአያቱ አባት የታወቁ የጦር መሪ ነበሩ። ስማቸውን ጠየቅኩት።

«የሞተ ሰው ስሙ አይጠራም» አለ። «ከጠራሽው ይመጣል።»

«በእናቴ አገር ደግሞ ካልጠራነው ይቀየማል» አልኩት። ሳቀ።

ስለ ቅድመ አያቱ ግን ብዙ ነግሮናል። ልጅ ሳሉ ውሃ በአፋቸው አስይዘው ተራራ ያስሮጧቸው ነበር። ሲመለሱ ውሃውን ይተፉታል፤ የዋጠ እንደገና ይሮጣል። አፍ መዝጋት እንዲህ ነው የሚለመደው። ካደጉ በኋላ መዳፋቸውን ዘርግተው ሲዞሩ፣ ጠላት ባለበት በኩል ይሞቃቸው ነበር ይባላል። በወገኖቹ ወግ ደግሞ ውጊያ መሃል አንድ ተዋጊ በስሙ ከተጠራ እምቢ ማለት ነውር ነው። ይሄዳል። ስለዚህ ስም በከንቱ አይጠራም። እኛም «አለቃ» እንጂ ሌላ ብለነው አናውቅም።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ከምሽጉ ወጥቶ፣ መዳፎቹን ዘርግቶ ቀስ እያለ ሲዞር አየሁት። ወደ ሰሜን ሲደርስ ቆመ። ነፋስ የለም። ድምፅ የለም።

«ምንድነው አለቃ?»

«ጠዋት ጠዋት የሚጮኹት ቁራዎች ዝም ብለዋል። ቦታሽን ያዢ።»

ጠላቶቹ ከሰሜን መጡ። ሞርታር ወደቀ። ተኮስን። የታችኛው ምሽግ ተመታ። እዚያ ከነበሩት ሁለቱ ወዲያው ሞቱ፤ ዳኒ ቆስሎ ቀረ። ከሁላችንም ታናሽ እሱ ነበር። ጮኸ። «አለቃ» አላለም። በስሙ ጠራው።

ሃምሳ አለቃ ጠመንጃውን አነሳ።

«ቆይ፣ የተኩስ ሽፋን እንስጥህ!» አልኩት።

«ተጠራሁ» አለና ወረደ።

ረፋዱ ላይ ተኩሱ ቆመ። የእሱንም የዳኒንም ሬሳ አወጣን።

በጦራችን ወግ ለሙታን የስም ጥሪ አለ። የክፍላችን ሻለቃ ባሻ የእያንዳንዱን ስም ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ የሚመልስ የለም፤ ዝምታው ስንብት ነው። ሄጄ ለመንኩት። «የአለቃን ስም ተወው። ከተጠራ ይመጣል። ይረፍ።»

«ሥርዓት ሥርዓት ነው። ሂጂ ተሰለፊ።»

በማግስቱ እዚያው ኮረብታ ላይ ተሰለፍን። ሦስቱ ተጠሩ፤ ዝም አልን። ከዚያ የአለቃ ስም፣ አንድ ጊዜ። ከታችኛው ምሽግ በኩል ጠጠር ሲንሸራተት ሰማሁ፤ ሰው ዳገት ሲወጣ እንደሚሰማው። ከጎኔ የቆመውም አንገቱን አዞረ። መዳፌ ሞቀ።

«አለሁ!» አልኩ በእሱ ፋንታ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ።

ሻለቃ ባሻው አፈጠጠብኝ። ሁለተኛ ግን አልጠራም። ጠጠሩም ቆመ።

አሁን ተመልሼ ኮሎምበስ፣ ክሊንተንቪል ሰፈር፣ እናቴ ቤት ነኝ። «የአለቃሽን ስም ንገሪኝና ቄሱ ጸሎት ያድርጉለት» ትለኛለች።

«አልነግርሽም እማዬ።»

«ያለ ስም እንዴት ይጸለያል?»

«እግዜር ያውቀዋል።»

አንዳንድ ጠዋት አውቶቡስ ስጠብቅ ከኋላዬ የዳኒን ድምፅ እሰማለሁ፤ አለቃን በስሙ ይጠራል። «አለሁ» እላለሁ ቀስ ብዬ። ሰው ዞሮ ያየኛል። ይይ።

ከዚያ ኮረብታ አራት ሰዎች በሕይወት አልተመለሱም። ሦስቱ ሲጠሩ ዝም ብለናል። ለአራተኛው እስካለሁ ድረስ የምመልሰው እኔ ነኝ።