ከኮሌታው ውስጥ የቆረጥኩት ስፖንጅ

በረዶ በሌለበት አገር የበረዶ ሆኪ አሠልጣኝ ነበርኩ ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ። ፕላዝማ የሚባለው ቴሌቪዥን በየክፍሉ ተሰቅሎ አስተማሪውን ሁሉ ማብሪያ ማጥፊያ ጠባቂ ባደረገበት ዘመን፣ ኮተቤ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት አስተምር ነበር። ከውጭ በእርዳታ ከመጣ መጽሐፍ ጋር አራት ትልልቅ ሻንጣ የሆኪ ዕቃ መጣ። ዱላ አለው፣ የበረኛ የእግርና የደረት መከለያ አለው፣ የብረት ፍርግርግ ያለው ሄልሜት አለው፣ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ የሚያህል ድፍን ጥቁር ጎማም አለው፤ ኳሱ እሱ ነው። ርእሰ መምህሩ «የመጣ ዕቃ ስቶር አይቀመጥም፣ ሪፖርት ይጠየቅበታል፤ አጫውቻቸው» አሉኝ። «ምን ላይ?» ብላቸው የቅርጫት ኳስ ሜዳውን ሲሚንቶ በአገጫቸው አሳዩኝ። የሒሳብ አስተማሪው «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ዋና ገብታ» ብሎ አሾፈብኝ። «አንተ ፕላዝማህን አብራ!» አልኩት። እልኸኛ ነኝ፤ በሳምንቱ ፊሽካዬን ይዤ ጀመርኩ።

ጎማው በረዶ ላይ እንዲንሸራተት የተሠራ ነው። ሲሚንቶ ላይ ግን ስንጥቅ ሲያገኝ ይቆምና ሽቅብ ይዘላል፤ የሚያርፈውም በረኛው አገጭ ሥር ነው። የበረኛው ፊት በፍርግርግ ተሸፍኗል፣ ደረቱ በመከለያ ተሸፍኗል፣ በመሃል ማንቁርት ያለባት አራት ጣት የምታህል ራቁት ቦታ ትቀራለች። ለዚያች ቦታ ሻንጣው ውስጥ ሦስት ዓይነት መከላከያ ነበረ። አንደኛው ከሄልሜቱ አገጭ በሁለት ገመድ የሚንጠለጠል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ሁለተኛው አንገትን ዙሪያውን የሚይዝ፣ ውስጡ ወፍራም ስፖንጅ ያለው፣ ፊት ለፊቱ ደረት ላይ የሚወርድ ነው፤ ልጆቹ ወዲያው «ኮሌታ» አሉት። ሦስተኛው ስስ ጨርቅ ነው፤ የበረዶ ጫማ ስለት እንዳይቆርጥ እንጂ ምት አይመልስም፣ ለይቼ አስቀመጥኩት።

እኔ ሞኟ ፕላስቲኩን መረጥኩ። የሚያብረቀርቅ ነገር መቼም ያታልላል። በረኛ ያደረግኩት የአሥረኛ ክፍል ልጅ ወደ ጎን ዞር ሲል ፕላስቲኩ ተወዛወዘ፣ ጎማው በባዶው ገባ። ልጁ ጉሮሮውን ይዞ ተንበረከከ፤ ሁለት ቀን እንጀራ መዋጥ አቃተው። ሲሻለው «ብሞት በረኛ አልሆንም!» አለ። ማን ይፈርድበታል?

በእሱ ቦታ ልሁን ብላ የመጣችው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ናት። ረጅም ናት፣ እጇ ፈጣን ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት የእንጦጦን ዳገት ስናሯሩጣቸው ወንዶቹን ባሕር ዛፍ ውስጥ ጥላቸው ትሄዳለች። ቤታቸው ካራ ነው። እናቷ ከደቡብ መጥተው ትንሽ ሱቅ የከፈቱ፣ ጠንካራ ፕሮቴስታንት ናቸው። ልጅቷ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ብቻዋን ቆማ የምትዘምር ናት፤ እኔ ሃይማኖቴ ሌላ ነው፣ ግን በእረፍት ሰዓት ስታንጎራጉር ሰምቼ ቆሜ አውቃለሁ። እንዲያ ያለ ድምፅ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አልሰማሁም።

እናቷ ነገሩን ሰምተው ትምህርት ቤት መጡ። መጋረጃ የሚያህል ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ሜዳው ዳር ቆሙና «እጇ ቢሰበር ይጠገናል» አሉኝ። «ይሄ ጉሮሮ ግን ለጌታ የሰጠሁት ነው። እኔ ለዚህች ልጅ ሌላ የማወርሳት የለኝም። ትጫወት ካሉ ትጫወት፤ አንገቷን ግን አደራ፣ መምህርት። የሰማይ የምድር አደራ!»

«ይተዉት ለእኔ» አልኳቸው። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት።

ዕቃው ውስጥ የነበረውን የሥዕል መመሪያ ሦስት ቀን አጠናሁ። ሁለቱንም አንድ ላይ አደረግኩላት፤ ኮሌታው ከሥር፣ ፕላስቲኩ ከላይ። የኮሌታው ወደ ታች የሚወርደው ክፍል ደረት መከለያው ውስጥ እንዲገባ፣ ፕላስቲኩም ቀጥ ስትል የኮሌታውን አናት ነካ ብቻ እንዲያደርግ ገመዱን አሳጠርኩ፤ ከረዘመ ስታጎነብስ ደረቷ ላይ ተደግፎ ሄልሜቱን ያነሳዋል። «ሽቅብ እዪ! ቁልቁል እዪ! ዋጪ! ጩኺ!» እያልኩ በየአቅጣጫው ዞርኳት። ሌባ ጣቴን በኮሌታውና በአንገቷ መሃል አስገባሁ። ሁለት ጣት ካለፈ ላልቷል፣ አንድም ካላለፈ ያንቃል። ከማጅራቷ ላይ የሚጣበቀው ማሰሪያ የደረሰበት ቦታ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመርኩ። «ከዚህች መስመር ንቅንቅ የለም» አልኳት። «ጣቴ ካላለፈ ደግሞ ሜዳ አትገቢም። ሰምተሻል?»

«እሺ ቲቸር።»

ያን ዓመት ጎማው ስንት ጊዜ ኮሌታዋን ጧ አድርጎ እንደመታ እንጃ። አንድም ቀን አላመማትም። አንዴማ ተመትታ ወደ ኋላ ወደቀችና፣ እኔ ስሮጥ፣ በጀርባዋ እንደተጋደመች መዝሙር ጀመረችልኝ። «አንቺ ልጅ ትገድይኛለሽ!» ብዬ በፊሽካው ገመድ ገረፍ አደረግኳት። ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲከፈት ማሰሪያው መስመሩ ጋ አልደረሰ አለ። አንድ አውራ ጣት ያህል ጎደለ። ቤት ወስዳው ስለነበር ነገሩ ወዲያው የገባኝ መሰለኝ።

«በሙቅ ውሃ አጥበሽ አኮማተርሽው፣ አይደል?»

«አላጠብኩትም ቲቸር። እንዲያውም…»

«ታዲያ ኮሌታው ራሱ አስቦ አጠረ? ዋሾ!»

ይሄን ያልኳት ሃያ ልጅ ፊት ነው። አንዱ ሳቀ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። እሷ ጫማዋን አየች። «እንዲያውም» ካለች በኋላ ምን ልትል እንደነበር አልጠየቅኳትም። ምላጭ አመጣሁ፣ የኮሌታውን ስፌት ተረተርኩ፣ ከስፖንጁ በጣት ውፍረት ቆርጬ ጣልኩ፣ መልሼ ሰፋሁት። ጣቴ አለፈ። በእጄ ሥራ ኮርቼ ለሒሳብ አስተማሪው ሁሉ አሳይቻለሁ።

ከገና በኋላ እንደገና ጠበበ። አሁን እሷ ምንም አላለችም፤ አገጯን ቀና አድርጋ ቆመችልኝ። «የእናትሽ ሱቅ ብስኩት ተስማምቶሻል» ብዬ ቀለድኩባት፣ ፈገግ አለች። ደግሜ ቆረጥኩ። በሁዳዴም ደግሜ ቆረጥኩ። ዳገቱ ላይ ወንዶቹን ትጥል የነበረችው ልጅ መጨረሻ ሆና፣ ትንፋሿ እያፏጨ መድረስ ጀመረች። «ምነው አሮጊት ሆንሽሳ!» እላታለሁ። ድምፅዋ ሻከረ። በረኛ ይጮሃል፣ የሚጮህ ሰው ድምፁ ይሻክራል፤ እንዲህ ነበር ሒሳቤ። ማር በሎሚ ጠጪ አልኳት።

እናቷ ሁለተኛ መጡ። መዘምራኑ ልጅቷን ከፊት አንስተው ኋላ እንዳቆሟት ነገሩኝ። «ጉሮሮዋን ተመትታ ይሆን እንዴ? ደብቃኝ ይሆን?» አሉ። ዓይናቸው ያሳዝን ነበር።

«በፍጹም!» አልኳቸው። «ኮሌታዋን በየጊዜው በእጄ ነው የማየው። ከመጮህ ነው፣ አይስጉ።»

«እርስዎ ካሉ» ብለው ሄዱ። እርስዎ ካሉ! ያችን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር ምላሴን መቁረጥ ያምረኛል።

የወላጆች በዓል ሲቃረብ ወላጆች ፊት ጨዋታውን ልናሳይ ነበር። አዘጋጃታለሁ ብዬ ኮሌታውን ብሞክረው ጨርሶ አልገጥም አለ። ምላጬን አወጣሁ፣ ስፌቱን ፈታሁ፣ እጄን ከተትኩ። የሚቆረጥ ስፖንጅ አልነበረም። ሁለት ጨርቅ ብቻ ቀርቷል። ያኔ ነው ኮሌታውን አስቀምጬ አንገቷን ያየሁት።

ስድስትና ሰባት ወር ኮሌታ ሳይ ኖሬ አንገት አላየሁም። ማንቁርቷ ሥር፣ ወደ ግራ በኩል፣ የሎሚ ያህል እብጠት ነበረ። «ዋጪ እስቲ» አልኳት። ስትውጥ ወጣና ወረደ። በእጄ ብነካው ጠንካራ ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እያልን ስንተርት ያደግን ሰዎች፣ እንቅርት ዓይናችን ሥር ሲያድግ ቦታ እየለቀቅን አሳደግነው። አሳደግነው ማለቴ ምን ያደርጋል፣ ሌላ ማን ነበረ? እኔ ነኝ። በምላጭ ቦታ የሠራሁለት እኔ ነኝ።

ያንኑ ቀን ታክሲ ተሳፍረን ሐኪም ቤት ሄድን። ከዚያ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላኩን፤ ከዚያ ናሙና፣ ከዚያ ቀጠሮ። ውጤቱ መጥፎ ሆነ። የቀዶ ጥገና ሐኪሙ፣ ወጣት ልጅ ነው፣ እናቷንና እኔን አስቀምጦ ዕጢው የድምፅን ጅማት እንደያዘው፣ ሕይወቷን ለማትረፍ ጅማቱን መንካት ግድ እንደሆነ በደንብ አስረዳን። «ቀደም ብላ ብትመጣ…» ብሎ ጀመረና እናቷን አይቶ ተወው። ምነው ባልተወው። እናቷ ወደ እኔ ዞረው «ጌታ እርስዎን ባይሰጠን ኖሮ ማን ያየው ነበር?» ብለው እጄን ጨበጡ።

ልጅቷ ዳነች። ድምፅዋ ግን አልተመለሰም። ጆሮህን ካላስጠጋህ የማትሰማው ሹክሹክታ ብቻ ቀረላት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ እንደ ወጉ መምህራን ለግምገማ ተሰበሰብን። እያንዳንዱ ተነስቶ ግለ ሂስ ያደርጋል፤ ጉድለቱን ራሱ ይናገራል ማለት ነው። ሁሉም ሰው የማይጎዳውን ጉድለት እየመረጠ ነው የሚናገረው፣ እኔም ልማዱን አውቃለሁ። ተራዬ ደርሶ ስቆም ግን ልናገረው ቆርጬ ነበር። ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ርእሰ መምህሩ ቀደሙኝና «እኚህ መምህርት የተማሪያቸውን በሽታ ራሳቸው ደርሰውበት ሕይወት ያተረፉ ናቸው፣ እንደ ተሞክሮ ይወሰድ» አሉ። ተጨበጨበልኝ። እኔ «አልፎ አልፎ አረፍዳለሁ፣ አስተካክላለሁ» ብዬ ቁጭ አልኩ። አቤት ውርደት! ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን እንጦጦ ራጉኤል ወጥቼ ደጁ ላይ ቆምኩ፤ ይህን ብቻ መናገር አቅቶኝ ስለ ዝናቡና ስለ እናቴ ጤና ጸልዬ ወረድኩ።

ቤታቸው ለመሄድ ሌላ ዓመት ፈጀብኝ። አንድ እሑድ ከሰዓት ካራ ወርጄ ሱቃቸው ገባሁ። እናቷ አቅፈው ሳሙኝ፣ ለስላሳ ከፈቱልኝ፣ ሳሙና ልትገዛ ለመጣች ሴት «ልጄን ያተረፉልኝ እኚህ ናቸው» ብለው አሳዩኝ። ልጅቷ ከባንኮኒው ኋላ ነበረች። ገዢው ሲጠይቃት በጣቷ ዋጋ ታሳያለች። አንገቷ ላይ በአንዱ ጎን ወደ ላይ የወጣ ጠባሳ አለ። ትምህርት ቀጥላለች፣ እሑድ እሑድም ከመዘምራኑ ጋር ኋላ ቆማ አፏን ታንቀሳቅሳለች አሉኝ እናቷ።

ልትሸኘኝ ታክሲ መቆሚያው ድረስ መጣች። ወያላው «መገናኛ! መገናኛ!» እያለ ይጮሃል። አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም አልኩና «ስሚ ልጄ፣ ሦስት ጊዜ ስቆርጠው አንቺ እዚያው ነበርሽ። እያነቀሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ለይቅርታ ሄጄ ጠያቂ ሆኜ አረፍኩት!

አንድ ነገር አለች፤ በወያላው ጩኸት አልሰማኋትም።

«ምን? ጮክ ብለሽ ተናገሪ እንጂ!» አልኳት።

ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው የሰማሁት። እሷ አልተቀየመችም። ቀረብ ብላ በመዳፏ ጆሮዬን ከልላ ደገመችልኝ።

«ያኔ መጀመሪያ ላይ፣ አላጠብኩትም ስልዎት፣ አንገቴ እንዳበጠ ልነግርዎት ነበር። ዋሾ አሉኝ። ከዚያ በኋላ ጣትዎን ሲያስገቡ እንዲያልፍልዎት ትንፋሼን ውጬ ነበር የምቆመው። እንዳይቆጡኝ ብዬ።»

«ይቅር በይኝ» አልኳት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ታክሲው ሞተሩን አስነስቶ ነበር፣ ያለችው አልተሰማኝም። ድገሚልኝ ማለት ግን አልቻልኩም።